ኑሮ ሲከብድ የፈጠራ ሥራን ማቆየት፦ ጎንደር ላይ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ቀን የሰው ሥራ ሲሠራ ውሎ ማታ የራሱን ነገር መሥራት ለሚያምረው ሰው ነው። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ ለሚመላለስ የቢሮ ሠራተኛ፣ ካፌ ውስጥ በፈረቃ ለምትሠራ አስተናጋጅ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሞ ለሚውል መምህር፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ለምትውል ልብስ ሰፊ። አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ አንዷ ትጠልፋለች፣ ሌላው ክራር ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አቤቱታቸው ግን አንድ ነው፦ «ሐሳቡ አለኝ፤ ማታ ቤት ስገባ ግን አልቄያለሁ። ደግሞስ በዚህ ኑሮ ላይ ምን ሥዕል፣ ምን ግጥም?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ «አይዞህ፣ በርታ» በማለትም አይመለስም። ኑሮው በእርግጥ ተወዷል፤ ድካሙም የምር ድካም ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ተስፋው የሚከርምለት ሰው ትናንት የሠራው አንድ ነገር ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። ትንሽ ይሁን፣ ያልተዋጣለትም ይሁን፣ ግን በእጅ የሚነካ። እሱ ከሌለ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ የደከመው ሰው፣ ኪሱ ሳስቶ ሳለ፣ ዛሬ የሚነካ ነገር እንዲሠራ የታሰበ ነው።

መጀመሪያ ብሩን ከጭንቅላት አውርዱት

የገንዘብ ጭንቀት ሰዓት አያውቅም። ስንኝ ለመቋጠር ስትቀመጡ የቤት ኪራዩ ትዝ ይላል፤ ክሩን መርፌ ውስጥ ስታስገቡ የዘይቱ ዋጋ ይመጣል። ጭንቅላት ያልተጻፈን ሒሳብ ደጋግሞ ያሰላል፤ ባሰላ ቁጥር ይደክማል እንጂ ብሩ አይጨምርም። የመጀመሪያው እርምጃ ስለዚህ አንድ ገጽ ሒሳብ ነው፤ የፈጠራ ሥራው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደመወዝ በገባ ማግስት ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ የገባውን፣ በቀኝ መውጣቱ የማይቀረውን ጻፉ። ለምሳሌ 12,000 ብር እጅ ላይ ገባ እንበል። ኪራይ 4,000፣ አስቤዛ 5,000፣ ታክሲና ባጃጅ 900፣ ለእናት የሚላክ 1,000፣ ዕድርና ማኅበር 250፣ መብራት፣ ውሃና የስልክ ካርድ 500። ድምሩ 11,650፤ የቀረው 350 ብር። ይህች 350 እንደምታስቅ አውቃለሁ። ግን አሁን ልኳ ታወቀ። የሱቅ ዱቤ ካለባችሁም እዚያው ገጽ ላይ ይግባ፤ «ትንሽ ናት» ተብላ አትታለፍ፤ ሌሊት የምትቀሰቅሰው ብዙ ጊዜ እሷ ናትና።

ከዚያ ሁለት ነገር ወስኑ። አንደኛ፣ የሒሳብ ቀን ይኑራችሁ፤ በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ከሰዓት ብትሉት ይመቻል። በሌላው ቀን ስለ ብር የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ በገጹ ዳር በአንድ ቃል ይጻፍና እሁድ ይታያል። «የልጁ ጫማ»፣ «የወንድሜ ብድር»፤ ይበቃል። ጭንቅላት ነገሩ ቀጠሮ እንዳለው ካመነ መጎትጎቱን ይቀንሳል። ባለትዳሮች ገጹን አብረው ቢሞሉት ይሻላል፤ አንዱ ብቻውን የያዘው ሒሳብ ማታ ማታ ጠብ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የፈጠራ ሥራው ድርሻ ይቆረጥ። ከ350ው ላይ 100 ብር በሉት። ከዚያ በላይ ከአስቤዛ ላይ ተቀንሶ አንድ ብር እንዳይወጣ። ምክንያቱም ከልጆች አፍ የተነጠቀ ቀለም የሚሥለው ሥዕል ጥፋተኝነት አለበት፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሳችሁ ትተውታላችሁ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ቀለም፣ ብሩሽና የሙዚቃ መሣሪያ ክር በዚህ ድርሻ የሚደፈር አይደለም። እጅ ላይ ያለውን ተመልከቱ፦ እርሳስ፣ የምድጃ ከሰል፣ ካለፈው ዓመት ደብተር የተረፈ ገጽ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ሸክላ አፈር፣ የራስ ድምፅ። ከሰል በጣም ደስ የሚል የሥዕል መሣሪያ ነው፤ ስለሚደበዝዝ ብቻ ሌላ ወረቀት ደርባችሁ አስቀምጡት።

ለፈጠራ ሥራ ተብሎ በወለድ መበደር ግን ፈጽሞ አይሆንም። አራጣማ በወንጀል ሕጉም የተከለከለ ነው።

ድካማችሁ የት ላይ እንደሆነ ለዩ

«ደክሞኛል» ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አካል ይደክማል፦ ቆሞ የዋለ እግር፣ መቀስ የያዘ አውራ ጣት። ጭንቅላት ይደክማል፦ ቁጥር ሲያስገባ፣ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ የዋለ። ሦስተኛው መሰልቸት ነው፤ አካልም ጭንቅላትም ደህና ሆነው ነፍስ «በቃኝ» ስትል። ሦስቱ መድኃኒታቸው ይለያያል፤ አንድ አድርገን ስለምናያቸው ግን ማታ ሁሉንም በስልክ እንደባብሳቸዋለን፤ ስልኩ ደግሞ አንዱንም አያሳርፍም።

ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ከሦስት ፊደል አንዱን ብቻ ጻፉ፦ «አ» ለአካል፣ «ጭ» ለጭንቅላት፣ «መ» ለመሰልቸት። የበዛውን ተመልከቱ። ከዚያ የምትመርጡት ሥራ ቀን ያልተነካውን የሚጠቀም ይሁን። ሲናገር የዋለ መምህር ማታ የሚያስፈልገው ዝም ያለ የእጅ ሥራ ነው፤ እርሳስ፣ መርፌ፣ እንጨት መቅረጽ። እጇ የዛለ ልብስ ሰፊ ተረት በስልኳ ድምፅ መቅጃ ብትናገር እጇም ያርፋል፣ ነገሩም ይሠራል። ኮምፒዩተር ላይ የዋለ ሰው ማታ ደግሞ ልብ ወለዱን ኮምፒዩተር ላይ ልጻፍ ማለቱ ለእኔ አይገባኝም፤ ደብተር ይያዝ።

መሰልቸት ከበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ዕረፍት ብዙም አይረዳም፤ አዲስ ነገር ነው የሚረዳው። ሁልጊዜ የምትሄዱበትን መንገድ ትታችሁ በሌላ ሠፈር ዞራችሁ መግባት እንኳ ለውጥ አለው።

ከሁለት መስመር ጀምሩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ነው። ድህነትና አሰልቺ ውሎ እያለ የፈጠራ ሥራን በየቀኑ ማከናወን እንዴት እንደሚቻል ለማየት ጎንደሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማዋ የሊቃውንት ከተማ ናት፤ የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለት የማሕሌት ዝማሬና እንቅስቃሴ ትምህርት፣ ምስክር ናት፤ ቅኔ ቤቶችም በዙሪያዋ ለዘመናት ተማሪ ሲያወጡ ኖረዋል።

የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል፤ አንዳንዱ ደጅ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ «እግዜር ይስጥልን» ይለዋል። የሚያድረው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው። በኑሮ ጫና ከእኛ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ሆኖም ቀን ዛፍ ሥር ወይም ከሰው ገለል ብሎ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለት ወረቀት ሳይዝ በአእምሮው ያወጣል ያወርዳል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፤ ቃሉ ካልገጠመ ወይም ምስጢሩ ካልሠመረ ይመልሱበታል። በማግስቱ ሌላ ቅኔ።

ታዲያ ተማሪው የሚጀምረው ከየት ነው? ከጉባኤ ቃና። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያላት ናት። ከሷ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ ልቁጠር የሚል ተማሪ የለም፤ ቢልም መምህሩ አይሰሙትም። እኛ ግን ከሥራ መልስ፣ ደክሞን፣ በቀጥታ ልብ ወለድ ልንጽፍ፣ አልበም ልናወጣ፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን ልናሳይ እንነሳለን። ሳምንት ሳይሞላ ስንተወው ተስፋ የቆረጥን ይመስለናል። ያልተመጠነ ሥራ ነው የያዝነው።

ስለዚህ የራሳችሁን ጉባኤ ቃና ምረጡ። መለኪያው አንድ ነው፦ ደክሟችሁ እያለ በ20 ደቂቃ ተጀምሮ የሚያልቅ ይሁን። ለሚጽፍ ሰው አንድ አንቀጽ ወይም ሁለት ስንኝ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ነገር ሲያደርግ። ለሚሥል ሰው የመዳፍ ስፋት ያላት ወረቀት ላይ አንድ ዕቃ፤ ጀበና፣ የታክሲ ወንበር፣ የተኛ ልጅ እጅ። ለምትጠልፍ ሰው ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ የመስቀል ንድፍ። ክራር ለሚመታ ሰው አንድ ቅኝት ለአንድ ሳምንት፦ መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ ባቲ፣ ከዚያ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አራቱ ቅኝት አንድ ወር ሞላ ማለት ነው።

ያልቅ የሚለውን ቃል አጥብቄ ነው የምለው። ግማሽ የቀረ ትልቅ ሥራ ማታ ማታ ይከሳል፤ ያለቀ ትንሽ ሥራ ግን ይቆጠራል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በመጀመሪያው ሁለት ወር ከዚህ ልክ አትለፉ። እጃችሁ «ጨምርልኝ» ሲል እንኳ ከልክሉት፤ ነገ ሲመለስ በጉጉት ነው የሚመለሰው።

ቀን ቁጠሩ፣ ማታ ጻፉ

ሃያ ደቂቃዋ የምትበቃው ቀን በአእምሮ የተሠራ ነገር ካለ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ፤ አንድ ብቻ። «ይቺ ሴትዮ ለምን በሩን አልከፈተችም?» «የጥላው ቀለም ምንድን ነው?» ከዚያ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይዛችሁ፣ ውሃ በፈረቃ መጥቶ ጀሪካን ሲሞላ፣ እሷን አብሰልስሉ። የሰልፍ ሰዓት የተሰረቀ ሰዓት ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ከፊሉ ይመለሳል።

ኪሳችሁ ውስጥ አራት የታጠፈች ወረቀትና አጭር እርሳስ ትኑር። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ስልኩ ሲከፈት ሌላው ሁሉ አብሮ ይከፈታል። የምትጽፉት ሦስት አራት ቃል ነው፤ የሰማችሁት አነጋገር፣ ያያችሁት እጅ። አውቶፓርኮ አካባቢ ረዳቶች የሚጠራሩበትን አንደበት ለአንድ ሳምንት ብቻ ብትለቅሙ የአጭር ልብ ወለድ ንግግር ይወጣዋል። አዝማሪዎቻችን የኖሩት እንዲህ ነው፤ ማታ የሚያወርዱት ስንኝ ቀን ከሰው ሲለቅሙ የዋሉት ነገር ነው።

ቦታውና ሰዓቱ

የሥራ ክፍል ያለው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኞቻችን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከልጆች፣ ከቴሌቪዥንና ከቡታጋዝ ጋር ነን። እዚህ ላይ የማውቃት ልብስ ሰፊ ያደረገችውን ልንገራችሁ።

ከሱሪና ከቀሚስ የሚተርፈውን ቁራጭ በፌስታል ታጠራቅማለች። ማታ እራት ከተነሳ በኋላ ልጆቿ የቤት ሥራ ሲሠሩ ከጠረጴዛው ጥግ የፓስታ ካርቶን ታወርዳለች። ካርቶኑ ውስጥ መርፌ፣ አራት ቀለም ክር፣ ትንሽ መቀስና ያልተቋጨ ጥልፍ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ካርቶኑን ማንም እንዳይነካው ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ትንሿ ልጅ እንኳ «የእማዬ ነው» ብላ ለእንግዳ ታስጠነቅቃለች። ሥራዋን ስታቆም ረድፉን ጨርሳ አታቆምም፤ ግማሹ ላይ መርፌውን ሰክታ ትተወዋለች። በማግስቱ «ከየት ልጀምር» የሚል ነገር የለም፤ መርፌውን መሳብ ነው። መብራት ከጠፋ ካርቶኑ አይወርድም፤ ያን ማታ ንድፉን በአእምሮዋ ስታወጣ ታመሻለች። ዓይኗን በሻማ አታደክምም።

ከዚህ የሚወሰደው ሦስት ነገር ነው፦ ክፍል ከሌለ ዕቃው በአንድ ካርቶን ይሰብሰብ፤ ሰዓቱ ከቤቱ ልማድ ጋር ይያያዝ፤ የነገው መጀመሪያ ዛሬ ተዘጋጅቶ ይደር። ያለቀ ሥራ በየቀኑ ይኑር ካልኩት ጋር የሚጋጭ ከመሰላችሁ፣ ያለቀውን አስቀምጣችሁ የሚቀጥለውን አንድ መስመር ብቻ ጀምራችሁ ተዉት።

በሥራ ቀን ማታ የማይሆንላችሁ ካላችሁ ንጋት አለ፤ የጎንደር ንጋት ግን ይበርዳል፣ ጋቢ ይዘጋጅ። ቅዳሜና እሁድ ከቤት መውጣት ከተቻለ የጃን ተከል ዋርካ ጥላ፣ የቁስቋም አካባቢ ጸጥታ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር አለ። ሥላሴ ውስጥ ስትገቡ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች እዩ። ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ሲያዩአቸው ግን ዓይናቸው የሚዞርበት አቅጣጫ ይለያያል። ያን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ የሣለ እጅ አሰልቺ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። መንገድ በሚዘጋበት ወይም ሰው በጊዜ በሚገባበት ሰሞን ደግሞ ለውጪ ሥራ አትቀጣጠሩ፤ ካርቶኑ ለዚህም ነው።

አንድ ሰሚ ይኑራችሁ

ቅኔ ቤት ውስጥ ቆጠራው ብቻውን አይቆምም፤ ነገራ፣ ማለት ለመምህሩ መንገር፣ አለው። ለማንም ያልታየ ሥራ እየቆየ ሲሄድ ሠሪውም አይቶት የማያውቅ ይመስለዋል። ግን ሰሚ ሲመረጥ ጥንቃቄ ያሻል።

ቤተሰብ መጀመሪያ አይሁን። እናት ሁሉንም ትወዳለች፤ አጎት ደግሞ «ስንት ያወጣል?» ይላል። አጎትን አትቀየሙት፤ እሱም ኑሮ ስላስጨነቀው ነው። የምትፈልጉት እሱም የራሱን ነገር የሚሠራ አንድ ሰው ነው፤ በሥራ ዓይነት ባይመሳሰል ይሻላል፣ መፎካከር አይኖርም። በሳምንት አንድ ቀን ቡና ላይ ተገናኙ። አቦሉ ለወሬና ለኑሮ ምሬት ይሁን፤ ምሬቱ መውጣት አለበትና አትከልክሉት። ቶናው ላይ ሥራው ይውጣ። በረካ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ይባል፤ ከዚያ ወደየቤት።

ሕጉ አንድ ነው፤ የተሠራ ይቀርባል እንጂ የታሰበ አይቀርብም። «አንድ ትልቅ ሐሳብ አለኝ» ያለ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። አስተያየት ስትጠይቁም «እንዴት ነው?» አትበሉ፤ «ጥሩ ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁና። ጥያቄው ጠበቅ ይበል፦

«እትዬ፣ የቱ ጋ ሰለቸሽ?»

«እውነቱን ልንገርህ? ሽማግሌው መናገር ሲጀምር። አንተ እየተናገርክ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

እንዲህ ያለች አንዲት እትዬ ካገኛችሁ ቡናውን እናንተ ግዙ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍን ከሰሚ ጋር አላስተካክለውም። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ላይክ» የሚቆጠርበት ቦታ ላይ አትውጡ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሥራው ያነሰ ይመስላል።

ዕቃ የሚገዛው በዕቁብ

ሥራው ለጥቂት ወራት ከቆየና ዕቃ ከጠየቀ፣ ከ100 ብሯ የሚበልጥ፣ መንገዱ ዕቁብ ነው። አሥር ሰው በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥል በየሳምንቱ 2,000 ብር ለአንድ ሰው ይደርሳል። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ቆጠበ። ዕቃው የማያስቸኩል ከሆነ ወደ ኋላ ያለ ዕጣ ብታገኙ አይክፋችሁ፤ ብሩ ቶሎ ሲመጣ ወደ አስቤዛ መፍሰሱ አይቀርም። ዳኛው የታወቀ ሰው መሆኑንና ዋስ መያዙን ሳታዩ አትግቡ። ሳምንታዊው መዋጮ በእሁዱ ገጽ ላይ በቀኝ በኩል መጻፍ አለበት።

መሸጥን በተመለከተ

አስተያየቴ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ሥራ እንጀራ አትጠብቁ። «ተሰጥኦህን ወደ ገንዘብ ቀይር» የሚለው ምክር ለብዙዎች ከባድ ቀንበር ሆኗል። ቀኑን ሙሉ በገንዘብ ምክንያት የምትሠሩት አንድ ሥራ አላችሁ፤ ማታውንም ለዚያው ከሰጣችሁ ማረፊያ አይቀርላችሁም።

ሰው «ሽጭልኝ» ማለት ከጀመረ ግን በስሌት ይሁን። ለምሳሌ ጥልፍ ያለው ጠረጴዛ ልብስ፦ ጨርቅና ክር 600 ብር፤ 14 ሰዓት ሥራ፣ በሰዓት 60 ብር ቢታሰብ 840፤ መመላለሻ 60። ድምሩ 1,500 ብር ነው። ከዚህ በታች ከሸጣችሁ ከራሳችሁ ጉልበት ላይ እየጨመራችሁ ነው። ትዕዛዝ ስትቀበሉ ቢያንስ የጨርቁንና የክሩን ያህል ቀብድ ያዙ፤ በቴሌብር ይላክ፣ ቀኑና መጠኑ ይመዘገባል። ዘመድ በነፃ ሲጠይቅ በዓመት ለሁለት ሰው ብቻ በስጦታ እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የዘንድሮው ሞልቷል ማለት ከመቀያየም ያድናል።

ገዢ ስታስቡ ቱሪስትን ብቻ አታስቡ። ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በትናንሽ የሸክላ ምስሎቿ ታውቃለች፤ እነዚያን የሚገዛው በአብዛኛው መንገደኛ ነው። እንግዳ ሲቀንስ ምስሉ ይቀመጣል፤ ጀበናና ምጣድ ግን ጎረቤትም ይፈልገዋል። ከሥራችሁ ውስጥ ጎንደሬው ራሱ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ የሚገዛው የትኛው ነው? ከዚያ ጀምሩ።

ዓመቱን ከበዓላቱ ጋር አስማሙት

«በየቀኑ» ያልኩት ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ጥር 11 ሲቃረብ ጎንደር የእንግዳ ከተማ ትሆናለች፤ ዘመድ ይመጣል፣ አልጋ ይለቀቃል፣ ድግስ አለ። ያን ሳምንት ካርቶኑን ዝጉ፣ ኪሳችሁ ያለችውን ወረቀት ብቻ ያዙ፤ ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ከሚታየው ሕዝብ ዓመት የሚበቃ ነገር ይለቀማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ማታ ቶሎ ስለሚደክመው ሰዓቱን ወደ ንጋት ማዛወር ይቻላል። ረመዳን ላይ ደግሞ ከሱሑር በኋላ ያለችው ጸጥታ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ክረምቱ ለመምህራን የዕረፍት ወቅት ነው፤ ከጉባኤ ቃና ወደ ረዘም ያለ ሥራ ለመሻገር የምመክረው ያኔ ነው።

ጳጉሜን ላይ፣ በአምስቱ ወይም በስድስቱ ቀን፣ የዓመቱን ሥራ መሬት ላይ ዘርግታችሁ እዩት። መጣል ያለበትን ጣሉ። ሦስት ምረጡና ለሰሚያችሁ አሳዩ። ለመጪው ዓመት ዕቅድ አታብዙ።

ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ደመወዝ ይዘገያል። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለዩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ደስ ይላችሁ የነበረው ሁሉ ካስጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ከመጣ፣ ይህ በመመሪያ የሚስተካከል አይደለም፤ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይታከማልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው፤ ጸበል ለሚሄድ ሰውም ሁለቱ አይጣሉም። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እስከ ነገ አትቆዩ፤ ለቅርብ ሰው ተናገሩና ያኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አረቄ ግን ሕመሙን ለጊዜው ሸፍኖ ማባስ ነው፤ ብሩንም ይበላል።

ተራ መቋረጥ ከሆነ አመላለሱ እንዲህ ነው። ያለፉትን ቀናት አታካክሱ፤ ዕዳ አይደሉም። የመጀመሪያው ማታ ካርቶኑን ከፍታችሁ ዕቃውን አስተካክሉ፣ እርሳሱን ቅረጹ፣ መልሳችሁ ዝጉ። ሁለተኛው ማታ የቆየ ሥራችሁን አንዱን ገልብጡ፤ ግጥም ከሆነ በእጃችሁ ድገሙት፣ ሥዕል ከሆነ አስመስላችሁ ሣሉት። አዲስ ነገር የሚጀመረው በሦስተኛው ማታ ነው፤ ሁለት መስመር ትጽፉ ከነበረ አንድ ይሁን። ለሰሚያችሁም ደውሉና የቡናውን ቀን ቁረጡ፤ ቀኑ ከተቆረጠ ለሱ የሚቀርብ ነገር መሥራት የግድ ይሆናል።